የተደራረበ ክዳን

ከጎባ ተነስቶ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ከሳነቴ አምባ ወርዶ ሐረና ጫካ ሲገባ ሪራን ያገኛል። ሪራ የቀርከሃ አገር ነው። ግድግዳው ቀርከሃ፣ አጥሩ ቀርከሃ፣ የጣራው ወራጅና ማገርም ቀርከሃ። ቆርቆሮ ቢገባም የሣር ክዳን ገና አልጠፋም።

በዚያ መንደር ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። አንድ ክረምት ጣራው አፈሰሰ። በጋው ሲገባ ሣር ታጨደ፣ ደረቀ፣ ተከመረ። የመጋቢት ዝናብ ሳይቀድም መክደን ብቻ ቀረ።

ታላቁ ልጅ፣ "በአሮጌው ላይ እንደርብ" አለ። "ያባታችን እጅ ያረፈበትን ክዳን አላፈርስም። ቢወፍር ይሞቃል እንጂ ምን ይጎዳል?"

ታናሹ፣ "ሁሉም ወርዶ ይቃጠል። አዲስ ቤት እንጀምር" አለ።

ጠቡ የሣር ብቻ አልነበረም። አባታቸው ጫካ ውስጥ ከረዣዥም ዛፎች ላይ የሰቀላቸው የንብ ቀፎዎች ነበሩ፤ ከሞተ ወዲህ በእነሱ ሰበብ ሁለት ጊዜ ተጣልተው ሁለት ጊዜ ታርቀዋል። ሽማግሌዎቹ በሁለቱም ጊዜ "ያለፈው አለፈ፣ ተሳሳሙ" ብለው ነው ያስታረቋቸው። እነሱም ተሳስመው ወጥተዋል።

እናት የሰፈሩን አንጋፋ ከዳኝ አስጠራች። "ኦቦ፣ እርስዎ ይፍረዱን። ይፍረስ ወይስ ይደረብ?"

"አዴ፣ ከደጅ ቆሜ አልፈርድም" አለና ገባ።

በምድጃው አናት ያሉትን ወራጆች በዱላው መታ መታ አደረጋቸው። ለዓመታት የጠጡት ጢስ አጥቁሯቸዋል፤ ጢስ የለመደ ቀርከሃ ደግሞ ነቀዝ አይደፍረውም። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበር። ወደ ጫካው ዞሮ ፀሐይ የማያገኘው ወገን ሲደርስ ግን ዱላው ሰመጠ። ጣቱን ቢሰድ ዱቄት ረገፈ። ከዚያ ጣራ ላይ ወጥቶ ክዳኑን በማጭድ ገለጠ። ከላይ የአባትየው ሣር፣ ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ፤ የታችኛው ረጥቦ እንደ ፍግ ቦክቷል።

"አባታችሁም የአባቱን እጅ አክብሮ ደርቦ ነበር" አለ ከላይ ሆኖ። "ውኃ በሁለት ክዳን መሀል ከገባ መውጫ የለውም። ሣሩ እየከበደ ይሄዳል፣ ወራጁ እየደከመ ይሄዳል። በዚህ ላይ አንድ ጭነት ሣር ብትጨምሩ ዘንድሮ የሚወርደው ዝናቡ ሳይሆን ጣራው ነበር።"

ታናሹ ደስ አለው። "አላልኩም? ሁሉም ይፍረስ!"

"አንተስ በምድጃው በኩል ያለውን ጤነኛ ለምን ታቃጥላለህ?"

እናም የጫካውን ወገን እስከ አጥንቱ አራቆቱት። ለጋ ቀርከሃ ነቀዝ ስለሚወደው ቢያንስ ሦስት ዓመት የሞላው እየተመረጠ ተቆረጠና የበሰበሰው ወራጅ ተተካ። በምድጃው በኩል ደረቅና ጠንካራ ሣር እስኪገኝ ብቻ ተላጠ፤ አዲሱ በዚያ ላይ ተከደነ።

ሥራው ሲያልቅ እናት ቡና አፍልታ ልጆቿን ከከዳኙ ፊት አስቀመጠች። "ሁለት ጊዜ ታርቃችኋል፤ ሁለቱም ድርብ ነው። ዛሬ ከሥር ያለውን አውጡት" አለች።

ብዙ ዝም ተባለ። በመጨረሻ ታናሹ፣ "አባዬ በታመመበት ዓመት ወንድሜ የአምስቱን ቀፎ ማር ብቻውን ቆርጦ ሸጠ። ድርሻዬን እስካሁን አላየሁም" አለ።

ታላቁ አቀርቅሮ ቆየ። "ማሩ ለአባዬ መታከሚያ ሄደ። 'ታናሽህ ድህነታችንን አይወቅ' ብሎ አስማለኝ። የሁለቱ ቀፎ ዋጋ ግን ተርፎ ነበር፤ እሱን እኔ በላሁት።"

ታናሹ ግማሹን ማመስገን፣ ግማሹን መጠየቅ ነበረበት። ሁለቱንም አደረገ። የሁለቱ ቀፎ ዋጋ ከሚቀጥለው ማር እንዲከፈል ተስማሙ፤ የዚያን ቀን ተሳሳሙ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ወሬው ሲዳረስ ጎረቤቶች ከዳኙን "ለእኛስ ማፍረስ ነው ወይስ መደረብ?" እያሉ ይጠይቁት ጀመር። መልሱ ለሁሉም አንድ ነበር፦ "ገልጣችሁ እዩ። የሚሸከመውን ሳታዩ የሚጫነውን አትጨምሩ፤ የበሰበሰውን አግኝታችሁም ጤነኛውን አብራችሁ አታቃጥሉ።"

አሮጌ ነገርን ሁሉ መሸፈንና አሮጌ ነገርን ሁሉ ማፍረስ ተቃራኒ ይመስላሉ። ሁለቱም ግን ከማየት ማምለጫ ናቸው።