ንጽሕና ከማን ይወረሳል?

ከመቂ እስከ ባቱ (ቀድሞ ዝዋይ ከምንላት) 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መቂ የካቶሊክ ጳጳስ መንበር ያለባት ከተማ ናት። ከባቱ ዳርቻ በጀልባ ሐይቁን ለሚያቋርጥ ደግሞ በቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለለት። የሁለቱ ወገን ልጆች አንድ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ እመቤታችን በሐና ማኅፀን ስትፀነስ የአዳም ኃጢአት ነክቷታል ወይስ አልነካትም?

አንድ ነገር አስቀድመን እናጥራ። ብዙ ሰው ጥያቄው ጌታ ከድንግል ስለ መወለዱ ይመስለዋል። አይደለም፤ ስለ ራሷ ስለ ማርያም፣ ከኢያቄምና ከሐና ስለ መፀነሷ ነው። ካቶሊኮች አልነካትም የሚለውን የእምነታቸው አንቀጽ አድርገው ያወጁት በ1854 እ.ኤ.አ.፣ በጳጳስ ፒዮስ 9ኛ ጊዜ ነው። እኛ አገር ነሐሴ 7 ፅንሰቷ ይታሰባል፤ ክብረ ነገሥትም ከአዳም አካል ተነሥታ እየተላለፈች ሐና ዘንድ ስለ ደረሰች ዕንቁ ይተርካል። ያም ሆኖ በኦርቶዶክሱ ቤት «ጥንተ አብሶ» የሚባለው ሙግት ዛሬም ሲነሣ ድምፅ ከፍ ይላል።

ሙግቱ ከባድ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኲናስ ኃጢአት ጨርሶ ካልነካት አዳኝ ምን ያደርግላታል ብሎ ተቸገረ። ከእሱ በኋላ የመጣው ዱንስ ስኮተስ መልስ አገኘ። መልሱን በስምጥ ሸለቆ ሰው ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ ወባ የያዘውን በኪኒን ማዳን አንድ ነገር ነው፤ ሳይያዝ በአጎበር መጠበቅ ግን ከዚያ የበለጠ ማዳን ነው።

እሺ፣ ያረካል። ታዲያ በአጎበር ተጠብቆ ያልታመመ ሰው በጤንነቱ ይመሰገናል እንዴ? ሳይወለዱ የተቀበሉት ነገር ስጦታ እንጂ ሥራ አይደለም። እኛ እንደሚመስለን ምስጋናዋ ለመልአኩ ከሰጠችው መልስ ይጀምራል። እምቢ ማለትም ትችል ነበራ!

የቱሉ ጉዶ ገዳም ትውፊት በዮዲት ዘመን ጽላተ ሙሴ ከአክሱም ሸሽቶ ደሴቱ ላይ 70 ዓመት ያህል ተቀመጠ ይላል። ውዳሴ ማርያም ደግሞ እመቤታችንን ከማይነቅዝ እንጨት በተሠራ ታቦት ይመስላታል። ያ እንጨት በአማርኛው ኦሪት ዘጸአት ምን ይባላል? ግራር! እዚሁ በባቱ መንገድ ዳር ከሰል ሆኖ በጆንያ የሚሸጠው ዛፍ መሆኑ ነው። ለታቦቱ ከሌላ ዓለም ዛፍ አልመጣለትም፤ ግራሩ ከግራር መካከል ተመረጠ።

ነገሩን ያነሣነው ለዚህ ነው። ንጽሕና ከተሻለ ዘር የማይመጣ ከሆነ እድፍስ ከዘር እንዴት ይመጣል? በአገራችን ግን ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው «ቡዳ ነው፣ ከዘሩ ነው» ሲባሉ ኖረዋል። ፍልሰታን ጾሞ የቆረበ አባት፣ ለልጁ የቀጥቃጭ ልጅ ሲጠይቃት አጥንት መቁጠር ይጀምራል። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ላይ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ሲል ለማን የተናገረ ይመስለው ይሆን? ካቶሊኮችም ቢሆኑ በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጡት ትምህርተ ክርስቶሳቸው፣ ከአዳም የወረስነው ነገር የእያንዳንዳችን የግል በደል አይደለም ብለው ጽፈዋል።

«የአዳም ኃጢአት ሌላ፣ ቡዳ ሌላ፤ አታደባልቁ» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሌላ ነው። የአዳም ዕዳ ቢያንስ አድልዎ የለውም፤ ቄሱንም ቀጥቃጩንም፣ ንጉሡንም ሸክላ ሠሪዋንም በአንድ መዝገብ ይጽፋል። ካቶሊኮቹ ከዚያ መዝገብ በጸጋ የተጠበቀች የሚሏት አንዲት ሴት ናት። የኛ ሰዎች ግን በ«አጥንታችን ጥሩ ነው» ሰበብ ስንቱን ቤተሰብ ከመዝገቡ ፍቀው አወጡ?

የተቃወመን ይጻፍ፤ ለሚቀጥለው እትም ገጹ ክፍት ነው።