ቆሞ የሚያይ ልጅ በደል አለበትን?



ብርቱው ልጅ ደካማውን ሲመታ፣ ቅጽል ስም አውጥቶ ሲዘብትበት፣ ከጨዋታም ሲለየው፣ በደለኛው ማን እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሳይመታና ሳይሰድብ በዙሪያው ቆሞ የሚያይ ልጅ ንጹሕ ነውን? ይህ ጥያቄ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ከልጆቻችን የሚበዙቱ ቆመው ከሚያዩት ወገን ናቸውና።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ማዕረግ የሚማር አንድ ተማሪ መዝገቡን ይዞ ወደ ደሴ፣ ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቢመጣና ልጆቻችሁ እርስ በርሳቸው እንዴት ይኖራሉ ብሎ ቢጠይቀን፣ ብዙዎቻችን «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ምን የሚመረመር ነገር አለበት?» ብለን እንመልስለት ይሆናል። ነገር ግን ጨዋታ የሚባለው ሁለቱም ሲስቁበት ነው፤ አንዱ እየሳቀ ሌላው የሚያለቅስበት ጨዋታ አይባልም። ተጣልተው ማታ ስለሚታረቁ ልጆች አንናገርም፤ ጉልበት ያለው ጉልበት የሌለውን ዕለት ዕለት ስለ ማስጨነቁ ነው እንጂ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላልና።

ይህን ነገር በትጋት ከመረመሩት አንዲቱ የፊንላንድ ተወላጅ ክርስቲና ሳልሚቫሊ ናት። እርስዋም ገና ለዶክተርነት ማዕረግ በምታጠናበት ዘመን፣ ከባልደረቦችዋ ጋር ከ12 እስከ 13 ዓመት የሆናቸውን 573 ልጆች ጠይቃ፣ ያገኘችውን በ1996 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር አሳተመች። ከ100 ልጆች የክፋቱ መሪዎች 8 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ረዳቶቻቸው 7 ያህል፣ እየሳቁ የሚያደፋፍሩ 20 ያህል፣ ዘወር ብለው ዝም የሚሉ 24 ያህል ነበሩ። ለተጠቃው የሚቆሙለት ግን 17 ያህል ነበሩ፤ የቀሩትም ተጠቂዎቹና ወገናቸው ያልተለየ ናቸው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ መሪው ጥቂት ነው፤ ጉልበት የሚሆነው ግን የብዙዎች ሳቅና ዝምታ ነው።

እስጢፋኖስ በተወገረ ጊዜ ሳውል ድንጋይ ወረወረ ተብሎ አልተጻፈም፤ የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ ነበር እንጂ። ኋላ ጳውሎስ ከተባለ በኋላ ግን ይህን እንደ በደሉ ቈጥሮ በግልጥ ተናገረ። የሚስቅ ልጅም እንዲሁ ልብስ ጠባቂ ነው። በደሉ ከመቺው በደል ጋር እኩል አይደለም፤ ነገር ግን ድርሻ አለበት።

ምናልባት ልጁ «ብናገር ነገሩ ወደ እኔ ይዞራል፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይል ይሆናል። ፍርሃቱ ሐሰት አይደለም፤ ትንሹም ልጅ ከጉልበተኛው ጋር ይደባደብ ዘንድ አይገባም። ሆኖም በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ የልጆችን መጫወቻ ግቢ በፊልም አንሥተው የመረመሩ ሰዎች በ2001 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር እንደ ገለጡት፣ አንድ ባልንጀራ መካከል በገባ ጊዜ ከ100 ጊዜ በ57ቱ ማስጨነቁ በ10 ሰኮንድ ውስጥ ተወ። አለመሳቅ፣ ከተገፋው አጠገብ ሄዶ መቀመጥ፣ መምህሩን መጥራት፣ ይህ ሁሉ ከሕፃን ዐቅም አይበልጥም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጦርነት ከሰሜን ወሎ ያፈናቀላቸው ብዙ ሰዎች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። ለእንግዳ መጠጊያ የሆነ ግቢ ለገዛ ተማሪው የፍርሃት ቦታ ይሆን ዘንድ ይገባልን?

እኛ ታላላቆችም ራሳችንን እንመርምር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ፣ ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆን ደንግጓል። ደካማውን በዱላና በስድብ የሚያዋርድ አባት ወይም መምህር፣ ልጁ ብርቱ መሆን ማለት ይህ ነው ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል።

ስለዚህ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ማን መታህ?» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። «ሌላው ሲመታ አንተ ምን አደረግህ?» ብላችሁ ደግሞ በፍቅር ጠይቁት። እግዚአብሔር ለተገፋው የሚቆም ልብ ለልጆቻችንም ለእኛም ይስጠን። አሜን።