ፊት ለፊት መቆም፦ የጥንድ እስክስታ ግብረ ገብ

ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን ሳይጎትትና ሳይገፋ፣ አብረው ሊንቀሳቀሱ ይችላሉን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ለፈላስፎች ወይም ለሕግ ዐዋቂዎች የተተወ ይመስላል። ነገር ግን በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ ባሉት መንደሮች፣ በየሠርጉ ዳስና በየጥምቀቱ ሜዳ በሰውነት ይጠየቃል፤ በሰውነትም ይመለሳል። ጠያቂዎቹም መላሾቹም በክብ መሀል ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት እስክስታ ወራጆች ናቸው። ስለ ባህላዊ ጭፈራችን ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ውበቱ፣ ስለ ልብሱና ስለ ጥንታዊነቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ ይኸውም ጥንድ እስክስታ ስለ ሰውና ሰው ግንኙነት የሚያስተምረው ምንድን ነው? እኛስ፣ መምህራንም፣ ከያንያንም፣ የሕዝብ አደራጆችም፣ ትምህርቱን በአግባቡ ተቀብለነዋልን? የሚል ነው።

አስቀድመን ትምህርቱ ከየት እንደሚጀምር እንመልከት። በገጠር እስክስታን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም። ልጁ በክቡ ጠርዝ ይቆማል። ከበሮው ይመታል፤ አውጪው ያወጣል፤ ሕዝቡ ይቀበላል። ልጁ ልቡ ወደ መሀል ሲቸኩል ታላላቆቹ «አንተ ልጅ፣ በፊት አጨብጭብ እንጂ!» ብለው ይመልሱታል። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ትከሻን ማንቀሳቀስ አይደለም፤ ለሌላ ሰው ትከሻ ምት ማዋጣት ነው። ሁለተኛው ትምህርት መቀበል ነው። አውጪው የተናገረውን አድምጦ፣ ከሌሎች ድምፅ ጋር አስማምቶ የመለሰ ልጅ፣ አንድ ቀን በተራው ያወጣ ዘንድ ይፈቀድለታል። መስጠትና መቀበል ከመታየት ይቀድማሉ። ብዙ ዘመናዊ ትምህርታችን ልጁን በቀጥታ ወደ መሀል አስገብቶ «አሳየን» ሲለው፣ የመንደሩ ትምህርት ግን «አስቀድመህ ሌላውን ደግፍ» ይለዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የማስተማር ዘዴ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ሰው ምን መሆን አለበት በሚለው ላይ የአመለካከት ልዩነት ነው።

ልጁ አድጎ መሀል ሲገባ ብቻውን አይቆይም። ከማዶ ሌላው ይወጣል፤ ወንድ ከሴት፣ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው የአንድ ወይም የሁለት እርምጃ ቦታ ይቀራል። አይያያዙም። አንዱ ትከሻውን ይጀምራል፤ ሌላው ያያል፤ ያየውን ወስዶ፣ የራሱን ጨምሮ ይመልሳል። ምቱ ይፈጥናል፤ ትከሻ ወደ ደረት፣ ደረት ወደ አንገት ያቀብላል፤ ሁለቱ በጉልበታቸው እየበረከኩ ይወርዳሉ፤ በአንድ ትንፋሽም ይነሣሉ። በዚህ ሁሉ መካከል «መሪው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች መልስ አያገኝም። መሪነቱ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል፤ አንዱ ለጥቂት ምት ይይዘዋል፤ ቀጥሎም ያስረክባል። ያላስረከበ እንደ ሆነ ጭፈራው ይሞታል፤ ክቡም ወዲያው ያውቅበታል፤ ጭብጨባው ይቀዘቅዛል።

በዚህ ነገር ላይ የውጭ ተመራማሪዎችም ብዙ ደክመዋል። ሁንጋራዊው ጂዮርጅ ማርቲን በ1965 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከባሊንት ሻሮሺ ጋር ወደ አገራችን መጥቶ ከሰበሰበ በኋላ፣ የኢትዮጵያን የጭፈራ ዓይነቶች የሚመለከት ጥናት በ1967 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ሌላው የአገሩ ሰው ቲቦር ቫዳሲም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዓመታት በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ተከታታይ ጽሑፎች አውጥቷል። ውለታቸው የሚዘነጋ አይደለም። እንቅስቃሴ ይመዘገባል፤ ይቈጠራል፤ በምልክት ይጻፋል። በሁለት እንቅስቃሴዎች መካከል ያለው የመጠበቅ ጊዜ ግን፣ ማለትም አንዱ ጠይቆ ሌላው ገና ያልመለሰበት ያ አጭር ዝምታ፣ በምልክት አይያዝም። የእስክስታ ግብረ ገብ ያለው ደግሞ እዚያው ዝምታ ውስጥ ነው።

ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ ከሌሎች የጥንድ ጭፈራዎች ጋር እናነጻጽረው። በቫልስና በታንጎ ሁለቱ ይያያዛሉ፤ በልማዱ ወንዱ ይመራል፤ ሴቲቱ ትከተላለች። በአሜሪካ የገጠር አዳራሾች የሚዘወተረው «ቱ ስቴፕ» የተባለው ጭፈራም እንዲሁ ነው። ሁለት ፈጣን፣ ሁለት ዝግ ያለ እርምጃ እየተራመዱ አዳራሹን ይዞራሉ፤ መሪው ወደ ፊት፣ ተከታይዋ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ትሄዳለች። በዚያም ቢሆን ጥሩ መሪ የሚባለው የሚገፋው ሳይሆን መንገዱን የሚያመለክተው እንደ ሆነ ዐዋቂዎቹ ይናገራሉ። ስለዚህ ያንን መናቅ አይገባም። ልዩነቱ ሌላ ነው። በእጅ የተያዘ ሰው፣ መልሱ ባይኖረውም፣ በሌላው ጉልበት ሊዞር ይችላል። እስክስታ ግን ይህን ቀዳዳ ዘግቶታል።

የተጎተተ ሰው መሀል ይገባል፤ ይህንን በየሠርጉ እናያለን። ወዳጅ ወዳጁን በክንዱ ስቦ ያስገባዋል። የተሳበው ሰው ግን፣ ካልወደደ፣ ቆሞ ይቀራል፤ ፈገግ ብሎ ያጨበጭብና ወደ ቦታው ይመለሳል። ክንድ ይጎተታል፤ ትከሻ ግን አይጎተትም። ባለቤቱ ካልፈቀደ ማንም ሊያስመታው አይችልም። በሥራ ቀን ይህ ትከሻ የሸክም ቦታ ነው፤ ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን፣ እረኛው ዱላውን ይጭንበታል። በጭፈራው ክብ ግን ሸክሙ ይወርድና ትከሻ የፈቃድ ቦታ ይሆናል። ጥንድ እስክስታ እንግዲህ የሚቆመው በሦስት ነገሮች ነው፤ ጠያቂው ሳይነካ ይጠይቃል፤ ተጠያቂው መልስ የመስጠትም የመከልከልም ሥልጣን አለው፤ መልሱም እስኪመጣ ድረስ ጠያቂው ይጠብቃል።

ቋንቋችን ራሱ ይህንን ያውቃል። «ገጠመ» የሚለው ግስ ሦስት መንገድ ይሄዳል። ሁለት ጦር ገጠመ እንላለን፤ ሁለት ሳንቃ ገጠመ እንላለን፤ ገጣሚውም ግጥም ገጠመ እንላለን። እስክስታ የሚወርዱትንም ተጋጠሙ እንላቸዋለን። በመጀመሪያው መጋጠም አንዱ ይወድቃል። በሁለተኛው ሁለቱ አንድ ወጥ ይሆናሉ፤ ክፍተታቸውም ይጠፋል። በግጥምና በእስክስታ ግን ክፍተቱ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ስንኝ ቤት ከፍቶ ሁለተኛውን ይጠብቃል፤ ሁለተኛውም የመጀመሪያውን ሳይደግም ይመልስለታል። ሰው ከሰው ጋር የሚጋጠምባቸው እነዚህ መንገዶች በአንድ ቃል ውስጥ መተኛታቸው የሚያሳስብ ነው፤ በየትኛው መንገድ እንደምንሄድ መምረጡ ለእኛ ተትቷልና።

ፊት ለፊት የመቆም ሥርዓት በዳስ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የቅኔና የዜማ አገር በሆነው በጎጃም፣ በማኅሌት ሌሊት ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ሆነው በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚባሉት ማዕረጎችም የመጡት ከዚሁ አቋቋም ነው። አንዱ ወገን ያነሣል፤ ሌላው ይቀበላል፤ ጸናጽሉና መቋሚያው በአንድነት ይወርዳል። ማኅሌትና እስክስታ አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ የአንዱ ዓላማ ጸሎት፣ የሌላው ደስታ ነው። ሆኖም ሁለቱም አንድ እውነት ይመሰክራሉ፤ ሙሉ የሆነ ነገር ብቻውን በቆመ ሰው አይፈጸምም። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም የሚለው ብሂልም ይህንኑ ይላል።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ምስጋና ነው። አሁን ግን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንለፍ። ይህ ውብ ሕግ የሚፈጸምበት ዳስ የተጣለው ለምንድን ነው? ለሠርግ ነው። በቀድሞው ልማድ ሙሽራይቱ ማን ነበረች? ብዙ ጊዜ ገና ያልደረሰች ልጅ ነበረች፤ ጋብቻውን የተዋዋሉት አባቶች ነበሩ፤ እርስዋ አልተጠየቀችም። እንግዶቹ ሁሉ በክቡ ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው፣ እየተጠያየቁና እየተመላለሱ ሲጨፍሩ፣ በዓሉ የእርስዋ የተባለላት ልጅ ፊትዋ ተሸፍኖ ትቀመጥ ነበር። ከዚህ የበለጠ ቅራኔ ከወዴት ይገኛል? ለአንድ ዘፈን ርዝመት ፈቃድ የሚጠየቅበት ሕዝብ፣ ለዕድሜ ልክ ጉዳይ ሳይጠይቅ ቀረ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ ጋብቻ ያለ ተጋቢዎቹ ነጻ ፈቃድ እንዳይጸና፣ ዕድሜውም ከ18 ዓመት እንዳያንስ ደነገጉ። አዋጆቹ ሲወጡ «ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው» ያሉ ሰዎች አልታጡም። መልሱ ከዚያው ከዳሱ ሊሰጣቸው ይችላል። ፈቃድ መጠየቅ ከውጭ አልመጣም፤ አያቶቻችን በትከሻቸው ያውቁት ነበር። የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን ዕውቀቱን ከክቡ አውጥቶ ወደ ቤት ማግባቱ ነው። ሕግ አስፈጻሚውም፣ መምህሩም፣ አደራጁም ለገበሬው ሲናገር ከባዕድ መጽሐፍ ከሚጠቅስ ይልቅ «አንተ ራስህ በጭፈራ የምታከብረውን ነገር በልጅህ ላይ ለምን ታፈርሳለህ?» ብሎ ቢጠይቀው የበለጠ ይሰማል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። «ጭፈራ ጨዋታ ነው፤ በክብ መሀል ጨዋ የሆነ ሰው ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ሊደበድብ ይችላል፤ ስለዚህ ጨዋታን የግብረ ገብ መምህር ማድረግ ከንቱ ነው» ይባላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ክቡ ሁሉንም ያስተናግዳል፤ በዚያው ዳስ ፉከራ ይፎከራል፤ ቂም የሚቀሰቅስ ግጥምም ይወጣል። እስክስታ ብቻውን ሰውን ደግ አያደርግም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ምክንያት ያሳጣል። ሌላውን ጠብቆ፣ ዐይቶና ተቀብሎ መንቀሳቀስን አንድ ጊዜ በሰውነቱ የቻለ ሰው፣ ከእንግዲህ «አልችልም፤ አላውቅም» ለማለት አይበቃም። የማያውቅ ሰው ይማራል፤ እያወቀ የሚተው ግን ይጠየቃል።

ጥያቄው ወደ እኛ ወደ ከያንያኑም ይመለሳል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ታላቅ አዳራሽም በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ የገጠሩ ጭፈራ መድረክ ላይ ወጥቷል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የኪነት ቡድኖች እስከ ቀበሌ ድረስ ተቋቋሙ፤ በጎጃምም የግሼ ዓባይ የኪነት ቡድን ስም ያተረፈ ነበር። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ ቡድን የአገሪቱን ጭፈራ ይዞ በውጭ አገሮች ዞረ። የዚህ ሁሉ ሥራ ጥቅም ሊካድ አይገባም። አዝማሪና ጨፋሪ ይናቁበት በነበረ አገር ጥበቡን ሙያ አድርጎታል፤ የአንዱን አካባቢ ሕዝብ ከሌላው አስተዋውቋል።

ነገር ግን ክብ ፊትና ኋላ የለውም፤ መድረክ አለው። እስክስታው ከክብ ወደ መድረክ ሲሻገር ጨፋሪዎቹ ፊታቸውን ከጓደኛቸው መልሰው ወደ ተመልካቹ አዞሩ። አዳራሹ በሰፋ ቍጥር፣ በፊተኛው ረድፍ የተቀመጠው የክብር እንግዳ በከበረ ቍጥር፣ መዞሩ እየባሰ ሄደ። ጥንዶቹ ሰልፍ ሆኑ። መልሱ በልምምድ ጊዜ ተወስኖ ያደረ ስለሆነ መጠበቁ ቀረ። ማዶ የቆመችው ተጠያቂ መሆንዋ አበቃና ጌጥ ሆነች። እንቅስቃሴው አልተለወጠም፤ ምናልባትም ተስተካክሏል፤ ልብሱም አምሯል፤ ሕጉ ግን ሳይታወቅ ከውስጡ ወጣ። ሕዝብን ለእንግዳ አቀባበል በመንገድ ዳር አሰልፎ ማስጨፈር ደግሞ ይህንኑ ጥፋት ከአዳራሽ ወደ ሜዳ ማውጣት ነው፤ የታዘዘ ትከሻ ይንቀሳቀሳል፤ አይመልስም።

እንግዲህ መድረክን እንተው ማለት ነውን? አይደለም። መድረክ የዘመናችን አደባባይ ነው። መፍትሔው ሕጉን ወደ መድረክ ማስገባት ነው። የውዝዋዜ አሠልጣኞች ከአንድ ትርኢት ውስጥ ጥቂት ምቶች ሳይወሰኑ ይተዉ፤ በእነዚያ ምቶች ጥንዶቹ ተመልካቹን ረስተው ይተያዩ፤ ምን እንደሚመለስ ከያኒው ራሱ አስቀድሞ አይወቅ። ተመልካቹ የሚያየው ያን ጊዜ ትርኢት ሳይሆን ሁለት ሰዎችን ነው። በትምህርት ቤት የባህል ክበብ ያላችሁ መምህራን ልጆቹን ከትከሻ በፊት ጭብጨባ አስተምሩ፤ ሴት ልጅ ቀድማ የምትጠይቅበትን፣ ካልፈለገችም አጨብጭባ የምትመለስበትን ልማድ አጽኑ፤ እንቢታዋንም ክፍሉ እንዳይስቅበት አድርጉ። የሕዝብ አመራር የያዛችሁም ሕዝቡ ሲጨፍር ለእናንተ ነው ወይስ ለራሱ ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ለራሱ ሲሆን በጠርዙ ቁማችሁ አጨብጭቡ።

ሰው ሌላውን ሰው የሚያውቀው ከፊቱ ሲቆም ነው፤ የሚያከብረውም ጠይቆ መልሱን ሲጠብቅ ነው። ይህን ትልቅ ነገር የጎጃም ደጋ ሕዝብ በሁለት እርምጃ ቦታ ውስጥ አስቀምጦ አቆይቶናል። ቦታውን በጉተታ ማጥበብ፣ ወይም ፊትን አዙሮ ባዶ ማድረግ ቀላል ነው። ክፍት አድርጎ፣ በክፍቱም ማዶ ያለውን ሰው ዐይን እያዩ መቆየት ግን ትምህርት ይጠይቃል። ትምህርቱም በጭብጨባ ይጀምራል።