የጃንደረባው ሠረገላና የወንድማችን መኪና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶችና ወንድሞች፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ ጥልቅ ምሥጢር አይደለም። ባለፈው በጋ እዚሁ ኢታንግ በመካከላችን ስለ ተነሣ አንድ ተራ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተራ ቢሆንም የብዙዎቻችንን ልብ ገልጦ ስላሳየን፣ ይልቁንም የእኔን ልብ ስላሳየኝ፣ ዝም ብዬ ላልፈው አልወደድሁም።

አንድ ወንድማችን አለ፤ ከእኛው ጋር በባሮ ዳር ያደገ፣ ከመዝሙር ክፍልም ያልተለየ ነው። በኢታንግና በጋምቤላ መካከል ሸቀጥ እያመላለሰ ለሰባት ዓመታት ሲነግድ ቆየ። ሠርቶ አደረና ደህና ገንዘብ አጠራቀመ። ንግዱን የጀመረው ግን የእናቱ ከብቶች ተሸጠው በተገኘው ብር ነበር። ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ አንድ ደላላ ጥቁር ቢ.ኤም.ደብልዩ መኪና አሳየው። መኪናው ከተሠራ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሩ ቆዳ ነው፣ ቤንዚን መስጫውን በእግር ነካ ሲያደርጉት ተወርውሮ ይሄዳል። ወንድማችን ፎቶግራፉን በስልኩ ይዞ መጣና ከእሑድ መርሐ ግብር በኋላ ከማንጎው ጥላ ሥር ሰብስቦ አሳየን። «ልግዛው ወይስ ልተወው? እስቲ ምከሩኝ» አለን።

እውነቱን ልናገር፤ ከሁሉ ቀድሞ «ግዛው እንጂ!» ያለው እኔ ነኝ። ይህን ያልሁት ግን ለእርሱ ጥቅም አስቤ አልነበረም። አዲስ አበባ ስሄድ ከጎኑ ተቀምጬ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ ሰው ሲያየኝ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስጸልይ ነገሩ ከነከነኝ። ወንድሜ ምክር ለመነኝ፤ እኔ ግን ምኞቴን ሰጠሁት። በገዛ ገንዘቡና በእናቱ ከብት የእኔን ክብር እንዲገዛልኝ ፈለግሁ። ወዳጅ ሲመክር እንዲህ አይደለም። ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱሴን ከፈትሁ፤ የተማርሁትንም ለእርሱ ነገርሁት፤ ለእናንተም እጽፍላችኋለሁ።

የከፈትሁት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ነው። ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀው፣ እኛ ኢትዮጵያውያንም የምንኮራበት ታሪክ ነው። የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ ባለሥልጣን ነበር። ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ በሠረገላው ተቀምጦ ሲመለስ ፊልጶስ ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ መንገድ ላይ አገኘው። በዚያ ዘመን ሠረገላ የባለጸጋና የሹም መጓጓዣ ነው፤ ድኻ በእግሩ ይሄዳል። ልብ በሉ፤ ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሲቀርብ «በመጀመሪያ ይህን ሽጠህ ና» አላለውም። እንግዲህ ከመካከላችን «መልካም መኪና መያዝ ኃጢአት ነው» የሚል ቢኖር ይህን ቦታ ደግሞ ያንብብ። በብልሃት የተሠራ ሞተር እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው አእምሮ ፍሬ ነው፤ በራሱ አይረክስም።

ነገር ግን በዚያ ሠረገላ ላይ ሦስት ነገሮች ነበሩ። አንደኛ፣ ባለቤቱ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ እያነበበ ነበር። ሠረገላው ነፍሱን ከአምላኩ አልወሰዳትም። ሁለተኛ፣ ለሌላ ሰው የሚሆን ቦታ ነበረው። አቧራ የለበሰውን እግረኛ ፊልጶስን ወጥቶ ከጎኑ እንዲቀመጥ ለመነው። ሦስተኛ፣ ውኃ ባዩ ጊዜ ሠረገላው እንዲቆም አዘዘ፤ ወርዶም ተጠመቀ። ሠረገላውን የሚያዝዘው እርሱ ነበር እንጂ ሠረገላው እርሱን አላዘዘውም። ከዚያም ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። ደስታው የመጣው ከውኃው እንጂ ከመንኰራኵሩ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ዓይነት ሠረገላ እንይ። አቤሴሎም በአባቱ በዳዊት ላይ ሊነሣ ባሰበ ጊዜ ሠረገላና ፈረሶች፣ በፊቱም የሚሮጡ 50 ሰዎች አዘጋጀ። አዶንያስም እንዲሁ አደረገ። ሁለቱም የሚሄዱበት ሩቅ አገር አልነበራቸውም፤ የፈለጉት መታየት ብቻ ነው። ንጉሡ ሰሎሞን ደግሞ አንዱን ሠረገላ በ600 ሰቅል ብር፣ አንዱን ፈረስ በ150 ሰቅል ከግብፅ ያስመጣ እንደ ነበር በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 ተጽፏል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 17 ግን ንጉሥ ለራሱ ፈረስ እንዳያበዛ ታዞ ነበር። ከሰሎሞን በኋላ ሕዝቡ ቀንበሩ ከብዶብናል ብሎ ጮኸ፤ ልጁ ሮብዓም አልሰማም፤ መንግሥቱም ተከፈለ። ሮብዓም ያን ቀን በሠረገላ ላይ የወጣው ለክብር ሳይሆን ለመሸሽ ነበር።

ወደ አገራችን ታሪክ ስንመለስም የሚያስተምር አለ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ዓለም የሚያደንቃቸው የከበሩ መኪናዎች ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው ሲወጡ ግን የተወሰዱት በትንሽ ቮልስዋገን ነው። ይህን የማነሣው በማንም ውድቀት ለመሳለቅ አይደለም። ከእጃችን የማይወጣ መጓጓዣ እንደሌለ እንድናስታውስ ነው።

ይህን ሁሉ ለወንድማችን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያም «መልካም፤ ግን እኔ ሰሎሞን አይደለሁም፤ አንድ አሮጌ መኪና ነው የምገዛው» አለኝ። ልክ ነው። ስለዚህ ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ያስተማረውን አነሣንና ወጪ ወደሚያውቅ ሰው ሄድን። በጋምቤላ ከተማ ለብዙ ዘመን በጋራዥ የሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ፎቶግራፉን አዩና ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣» አሉት፣ «ይህ መኪና ግሩም ነው፤ የሠሩት ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ። ነገር ግን ሲሠሩት አስበው የሠሩት ለለሰለሰ አስፋልት ነው። ሆዱ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። ጎማው ስስ ነው፤ ድንጋይ ሲመታው ቸርኬው ይጣመማል። ሞተሩ ተርቦ ያለው ከሆነ ዘይቱ በወቅቱ ካልተቀየረለት ይቃጠላል፤ የቀድሞው ባለቤት በወቅቱ ይቀይርለት እንደ ሆነ ደላላው አይነግርህም። ኪሎ ሜትር መቍጠሪያውንም አትመን፤ ወደ ኋላ የሚመልሱት አሉ። አንድ ነገር ልንገርህ፤ መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፣ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አያረጅም።»

ወንድማችንም «ጋሼ፣ ዋጋውም እኮ ብዙ አልወረደም» አላቸው። እርሳቸውም ምክንያቱን አስረዱን። በሌላ አገር ያገለገለ የቅንጦት መኪና ቶሎ ይረክሳል። በእኛ አገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና እንደ አዲስ ይፈለጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ብዙ ብር ይጠይቃል። «እንግዲህ በሌላ አገር ያለው ገዢ የሚከፍለው አንድ ጊዜ ነው፤ አንተ ግን መጀመሪያ ለአሮጌው የአዲስ ዋጋ ትከፍላለህ፤ ኋላም ለእያንዳንዱ ብሎን ትከፍላለህ» አሉት።

ከአዲስ አበባ እስከ ጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጅማንና በደሌን፣ መቱንና ጎሬን አልፎ፣ ከደጋው ወደ ቆላው በጠመዝማዛ ቍልቍለት ይወረዳል፤ ፍሬን የሚፈተንበት መንገድ ነው። ከዚያ ኢታንግ ደርሶ ከዋናው መንገድ ወደ መንደር ሲገባ በክረምት የሚጠብቀው ጥቁር ጭቃ ነው። እንኳን እንዲህ ያለ መኪና ከፍ ያለውም ይይዘዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ፎቶግራፉን ስናይ ሁላችንም ረስተነው ነበር።

ማታ ወንድማችን ለእናቱ ነገራቸው። እኔም አብሬው ነበርሁ። እናቱ ፎቶግራፉን ዓይናቸው አጠገብ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ያምራል» አሉ። ቀጥለውም «ውኃው ሲመጣ ይህ የት ይቆማል?» ብለው ጠየቁት። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ሞልቶ ኢታንግን ባጥለቀለቀ ጊዜ የሆነውን የሚረሳ የለም። ሕፃናት በትከሻ፣ ሕመምተኞች በቃሬዛና በጀልባ ወጡ። እርሳቸው ራሳቸው ምጥ የያዛትን ጎረቤታቸውን ከሌሎች ጋር ተሸክመዋል። ወንድማችን አንገቱን ደፍቶ «አዲስ አበባ ነው የሚቆመው፣ እማዬ» አላቸው። እርሳቸውም «እንግዲያ እኔ የማልሳፈርበት፣ አንተም በማትኖርበት አገር የሚቆም መኪና የሚገዛው ለማን ነው?» አሉ። አልተቈጡም። «ገንዘቡን ደክመህ ያገኘኸው አንተ ነህ፤ ያንተን አልከለክልህም። የእኔን ከብቶች ግን አስባቸው» ብለው ወደ ማድቤታቸው ገቡ።

ውድ አንባብያን፣ እኔ ከመጽሐፍ ሦስት ገጽ ያነበብሁለትን እናቱ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። መኪና የሚገዛው ለመንገድ ነው። መንገዱን ሳያውቅ መኪና የመረጠ ሰው የገዛው መኪና ሳይሆን የሌላ ሰው ዓይን ነው። የሰው ዓይን ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አዲሱ ስለሚዞር የተገዛበት ዋጋ ይባክናል።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት፣ ወይም ከአቅሙ በላይ የሆነ ስልክ ለመግዛት የሚያስብ ቢኖር፣ ከመክፈሉ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ራሱን ይጠይቅ ብዬ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ገንዘቡ የማን ነው? ስማችን የተጻፈበት ገንዘብ ሁሉ የእኛ ብቻ አይደለም። የእናት ከብት፣ የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ያልተከፈለ ዕዳ በውስጡ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛ፣ የምሄድበት መንገድ የትኛው ነው? ኑሮዬና ሥራዬ፣ እግዚአብሔርም ያስቀመጠኝ ቦታ የት ነው?

ሦስተኛ፣ ማን ይሳፈርበታል? የጃንደረባው ሠረገላ ለፊልጶስ ቦታ ነበረው። የእኔ ለምጥ ለያዛት ጎረቤት ቦታ አለውን?

አራተኛ፣ ወጪውን ቈጥሬአለሁን? የግዢው ዋጋ የመጀመሪያው ክፍያ እንጂ የመጨረሻው አይደለም። የሚገዛም ሰው ቢሆን ሊብሬውንና የቀረጥ ወረቀቱን ከሻንሲና ከሞተር ቍጥሩ ጋር ያመሳክር፤ ደላላው ያመጣውን ሳይሆን ራሱ የመረጠውን መካኒክ ይዞ ይሂድ፤ ሞተሩንም ሳይሞቅ ያስነሣው። ጥንቃቄ የእምነት ጠላት አይደለም።

አምስተኛ፣ ልቆም እችላለሁን? ነገ ቢጠፋብኝ፣ ወይም እግዚአብሔር «ውረድ» ቢለኝ፣ እንደ ጃንደረባው ወርጄ ደስ እያለኝ እሄዳለሁን? ይህን በእሺታ መመለስ ያልቻለ ሰው መኪናውን ሳይገዛ መኪናው ገዝቶታል።

የወንድማችንን መጨረሻ ለማወቅ እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። ለደላላው ሳይደውል አንድ ሳምንት ቆየ፤ በሚቀጥለው ሳምንት መኪናው ለሌላ ሰው ተሸጠ። አሁን ከሽማግሌው መካኒክ ጋር ሆኖ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ከኋላው ዕቃም ሕመምተኛም የሚጭን ያገለገለ ፒክ አፕ እየፈለገ ነው። ገና አላገኘም፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። የእናቱን ድርሻ ግን አስቀድሞ ለይቶ በስማቸው ባንክ አስቀምጦታል። የጥቁሩን መኪና ፎቶግራፍ ከስልኩ አላጠፋውም፤ አንዳንድ ጊዜ ሲያየው አይቼዋለሁ። አልወቀስሁትም፤ እኔም አብሬው አይቼዋለሁና። ምኞት በአንድ ቀን አይሞትም፤ ነገር ግን መሪውን ልንነፍገው እንችላለን።

ጃንደረባውን በምድረ በዳው መንገድ ያገኘ አምላክ እኛንም በባሮ ዳር መንገዳችን ያግኘን። በምንሳፈርበት ሁሉ ቃሉን፣ ከጎናችን ለወንድማችን የሚሆን ቦታ፣ ለመቆምም የሚበቃ ብርታት አያሳጣን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።