የማያረጁት ሲምፕሰኖች

ማት ግሮኒንግ የፈጠራቸው የካርቱን ቤተሰብ ሲምፕሰኖች በአሜሪካ ቴሌቪዥን ብቅ ያሉት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ የራሳቸውን ተከታታይ ፊልም ያገኙት ደግሞ በ1989 መጨረሻ። የቤቱ ልጅ ባርት ያኔም ዛሬም 10 ዓመቱ ነው፣ እህቱ ሊሳም 8። ሕፃኗ ማጊ የጎማ ጡቷን እየጠባች አንድ ዓመቷ ላይ ቀርታለች። በባርት ዕድሜ ማየት የጀመረ ተመልካች ግን ዛሬ ከአባትየው ከሆሜር በዕድሜ ይበልጣል።

ይህ ዘላለማዊነት ይባላል? ቅዱስ አውግስጢኖስ የእግዚአብሔርን ዘላለም ትናንትና ነገ የሌለው «ዛሬ» አድርጎ ያየዋል። ሲምፕሰኖች የሚኖሩባት የስፕሪንግፊልድ ከተማ ጊዜ ከዚህ ይለያል፤ ገናው በየዓመቱ ይመጣል፣ በልጆቹ ላይ ግን አሻራ አይተውም። ተመልካቹን የሚይዘውም ይኸው ይመስላል፦ እሱ ቢያረጅም የሚጠብቀው ቤት አለ።

ሞት ግን እዚያም ይገባል። የሃይማኖተኛው ጎረቤት የኔድ ፍላንደርስ ሚስት ሞድ በ2000 ሞታ ቀርታለች። የባርት መምህርት የክራባፕል ድምፅ የነበረችው ማርሻ ዋላስ በ2013 ስታርፍም ገጸ ባሕሪዋ አብራት ተሰናበተች። ባርት ለወትሮው በቅጣት አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ በሚጽፍበት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንብቱን አንዴ ብቻ ጻፈ፤ ፊቱም አዝኖ ነበር።