ማንም ያልገደላት ሕፃን

አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። አንዲት ሕፃን በትኩሳት ታመመች እንበል። ወንድሟ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ ነበር፤ እርሷን ግን «ይሻላት ይሆናል» እያሉ አራት ቀን ጠበቁ። በአምስተኛው ቀን ሞተች። ማንም እጁን አላነሣባትም። ታዲያ በደለኛ አለ ወይስ የለም?

ጥያቄው ከሩቅ የመጣ አይደለም። በተፈጥሮ ወንድ ሕፃን ከሴት ይልቅ ለበሽታ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ በአገራችንም ሆነ በአብዛኛው ዓለም በመጀመሪያው ዓመት የሚሞቱት ወንዶች ይበዛሉ። በህንድ ግን ለብዙ ዓመታት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የመሞት ዕድላቸው የበለጠው ሴቶቹ ነበሩ። ፈጣሪ የሰጣቸውን ብርታት ሰው ነጠቃቸው ማለት ነው።

እንዴት? ወንድ ልጅ የሚናፍቁ ወላጆች ቶሎ ለመፀነስ ሲሉ ሴቷን ቀድመው ጡት ያስጥሏታል። ክትባቷ ይዘገያል። ሐኪም ቤት የምትደርሰው ከባሰባት በኋላ ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1990 እ.ኤ.አ. በእንዲህ ያለ አድልዎ ከዓለም የጎደሉት ሴቶች ከ100 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ጽፈዋል።

«ምክንያቱ ድህነት ነው» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ሃሪያና ከህንድ ሀብታም ግዛቶች አንዷ ናት፤ በ2011 ቆጠራ በዚያ ለ1000 ወንዶች ሕፃናት የተገኙት ሴቶች 835 እንኳ አልሞሉም። ብዙዎቹ በማሕፀን ሳሉ ጾታቸው ታውቆ እንዳይወለዱ የተደረጉ ናቸው፤ በ1994 የወጣው ሕግ ይህን ቢከለክልም። ድህነት ምግቡ እንዲያንስ ያደርጋል፤ ካነሰው ማን እንደሚቀርበት የሚወስነው ግን ልብ ነው።

ፈርዖን የዕብራውያንን ወንዶች ሕፃናት ሊያስገድል ባዘዘ ጊዜ ሲፓራና ፉሐ እግዚአብሔርን ፈርተው አዳኗቸው። ትእዛዙ ግልጽ ስለ ነበር እንቢ ማለትን አወቁበት። ልማድ ግን ትእዛዝ አያወጣም፤ በዝምታ ያስፈጽማል። ስለዚህም ማንም ራሱን ገዳይ አድርጎ አያይም። ያዕቆብ በመልእክቱ ግን ኃጢአትን የሚያየው በሠራነው ብቻ አይደለም፤ እያወቅን በተውነውም ጭምር ነው። እኔም መልሴ ይኸው ነው፦ ለአንዱ የሚሮጥ እግር ለሌላዋ ከዘገየ፣ መዘግየቱ በደል ነው።

እኛስ? ሕፃናቶቻችን በዚህ መንገድ ስላልሞቱብን ንጹሐን ነን አንበል። በብዙ አካባቢያችን ወንድ ሲወለድ የሚሰማው እልልታ ለሴት ከሚሰማው ይበዛል። ልዩነቱ በእልልታ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ማዕድ፣ ወደ ደብተርና ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳል። አንተ ወንድሜ፣ እህትህ ውሃ ስትቀዳ አንተ የምታጠናበትን ሰዓት አስብ። አንቺ እህቴ፣ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠርሽው በግማሽ አይደለም። ነገ ወላጆች ትሆናላችሁ፤ እልልታውን እኩል አድርጉት።