ሩት በአራዳ

በአራዳ ጉብታ ላይ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አጠገብ፣ ለአድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ የቆመውን ባለ ስምንት ማእዘን የመናገሻ ገነት ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የነደፈው ሰባስቲያኖ ካስታኛ የሚባል ኢጣሊያዊ ሲሆን፣ እርሱም ከጦርነቱ በኋላ በዚሁ አገር ቀርቶ፣ ከመኳንንቱ ወገን የተወለደች ኢትዮጵያዊት አግብቶ የኖረ ሰው ነበር። ድል አድራጊው ሕዝብ የድሉን መታሰቢያ ከተሸነፈው ወገን በመጣ ሰው እጅ ሲያሠራ፣ ያንንም ሰው አማች አድርጎ ሲቀበል ማየት ለታሪክ ተመልካች እንግዳ ነገር ይመስላል፤ አራዳን ለሚያውቅ ግን አይመስልም፤ አርመኑና ግሪኩ፣ ሕንዱና ኢጣሊያዊው ሱቅ ከፍቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ አማርኛ ለምዶ፣ በመጨረሻም አስከሬኑን ለዚሁ ምድር የሰጠበት ሰፈር ነውና። ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ሳይርቅ ደግሞ ባለ ሰዓት ማማው ማዘጋጃ ቤት የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል እየተመለከተ ቆሟል፤ ያለ ካህን የተጋባ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ሠርጉ ሲጠየቅ «ማዘጋጃ ነው የፈረምነው» የሚለው እርሱን ነው። አንድ ጥንድ ሰዎች በአንደኛው ሕንጻ ተባርከው ወይም በሁለተኛው ፈርመው አንድ ሥጋ ከሆኑ በኋላ፣ የዚያ የአንዱ ሥጋ እኩሌታ ባለአገር፣ እኩሌታው መጻተኛ ተብሎ ሊከፈል ይገባዋልን? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው የመጻሕፍት ሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል ሊፈጸም እንደሚችል ስለሚፈቅድ በሩ ጠባብ አይደለም፤ በሹሙ ፊት መጋባት የመረጡ ግን አንድ ወር አስቀድመው ሐሳባቸውን ያስታውቃሉ፣ በየወገናቸው ሁለት ሁለት ምስክር ያቆማሉ፣ ከውጭ የመጣውም ተጋቢ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከኤምባሲው አምጥቶ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ማኅተም ያረፈበት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከተሰጠ፣ ፎቶግራፉም ከተነሣ፣ ኬኩም ከተቆረሰ በኋላ ሌላው ጉዞ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠየቅበት፣ ይጀመራል። ያን ጊዜ በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ የባልን ስም እስከ አያት፣ የጋብቻውን ቀንና ዓመተ ምሕረት ጠይቆ፣ በወረቀቱ መካከል «ጉዳዩ፦ ለባለቤቴ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሰጥልኝ ስለመጠየቅ» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ መስመር ያሰምርበታል። አንባቢ ይህችን መስመር ልብ ይበልልኝ፤ ሊኖር የሚፈልገው አንዱ፣ የሚናገረው ሌላው ነው። መጻተኛው በአጠገብ ቆሞ፣ ፓስፖርቱን በእጁ ይዞ፣ ስለ ራሱ ኑሮ የሚጻፈውን ሳያነብ ይጠብቃል።

በመጽሐፈ ሩት ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ትምህርት ስላለ፣ ታሪኩ ለሁላችን የታወቀ ቢሆንም በዝግታ ልንመለከተው ይገባናል። ሞዓባዊቱ ሩት የቃል ኪዳኗን ንግግር የተናገረችው ባሏ ከሞተ በኋላ፣ በመንገድ ላይ፣ ከአማቷ ከኑኃሚን በቀር ሰሚ በሌለበት ነበር፤ ወገንን፣ አምላክንና መቃብርን ሳይቀር ከአማቷ ጋር አንድ ያደረገችበት ያ ቃል ምስክርም ማኅተምም አልነበረውም። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በዚያ አያበቃም። ቦዔዝ እርስዋን ሊያገባ በወደደ ጊዜ ወደ ከተማይቱ በር ወጥቶ ተቀመጠ፣ ከሽማግሌዎችም አሥር ሰዎች አስቀምጦ፣ ከእርሱ ይልቅ የሚቀርበውን ዘመድ አስጠርቶ፣ በዘመኑ ልማድ ጫማው እስኪወልቅ ድረስ ነገሩን በአደባባይ አስረገጠ። እንግዲህ ቦዔዝ የበሩን ሸንጎ አልናቀም፤ «ፍቅራችንን እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ ለሽማግሌዎች ምን አገባቸው» አላለም። ስለዚህ መዝገብንና ሹምን የሚጠየፉ፣ ወረቀት ሁሉ የፍቅር ጠላት የሚመስላቸው የዘመናችን ወጣቶች ከመጽሐፉ ድጋፍ አያገኙም።

ነገር ግን ሌላው ገጽ ደግሞ አለ። ኦሪት ዘዳግም ሞዓባዊ እስከ አሥር ትውልድ ድረስ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክላል፤ እነዚያ በበሩ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ይህን ሕግ የማያውቁ አልነበሩም። እነርሱ ግን የሴቲቱን ዘር ትተው የሴቲቱን ታማኝነት ተመለከቱ፤ ከርስዋም ኢዮቤድ፣ ከኢዮቤድ እሴይ፣ ከእሴይ ዳዊት ተወለደ። የኢትዮጵያ ነገሥታት ዘራቸውን በንግሥት ማክዳ በኩል ከሰሎሞንና ከዳዊት ሲቆጥሩ፣ የዚያችን የመጻተኛይቱን ደም ጭምር መቁጠራቸው እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ አናስታውስም። ሙሴም ኢትዮጵያዊቱን በማግባቱ እኅቱ ማርያም ባንጐራጐረች ጊዜ፣ ለምጻም ሆና ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ የተዘጋባት መጻተኛይቱ ሳትሆን ተናጋሪይቱ ናት።

ከዚህ ጋር የማይስማማ ድምፅ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ የለም ብል ግን አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። በዕዝራ ዘመን ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ በእግዚአብሔር ቤት አደባባይ ተሰብስቦ፣ ስለ ነገሩም ስለ ዝናሙም እየተንቀጠቀጠ፣ ባዕዳን ሚስቶቹን ሊሰድድ ማለ፤ የባሎቹ ስም በዝርዝር ተጻፈ፣ የተሰደዱት ሴቶች ስም ግን አልተጻፈም። የዕዝራን ሥራ ሊቃውንት የሚተረጉሙት ከአምልኮ ጣዖት ለመጠበቅ የተደረገ ነው ብለው ነው፤ ትርጓሜውን እቀበላለሁ። ሆኖም የሩት መጽሐፍና የዕዝራ መጽሐፍ በአንድ ጥራዝ ውስጥ አብረው ሲቀመጡ፣ ልቡና ያለው ሰው መመዘን ያለበት ዘርን ሳይሆን ኪዳንን መሆኑን እረዳለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችንም ብትሆን ያለ ምርመራ አትቀበልም። የፍትሐ ነገሥት 24ኛው አንቀጽ ስለ ጋብቻ ሲደነግግ ከማያምን ጋር መጋባትን ከሚከለከሉት ይቆጥረዋል፤ በሥርዓተ ተክሊል ሊጋባ የወደደ መጻተኛ ሃይማኖቱ ልዩ ከሆነ አስቀድሞ ተምሮ ሊጠመቅ፣ የክርስትና አባትና የክርስትና ስም ሊኖረው፣ ከሙሽራይቱም ጋር ከአንዱ ቅዱስ ቁርባን ሊቀበል ይገባዋል። ይህ ከማንኛውም የኢሚግሬሽን ቅጽ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ ከሰውየው የሚፈልገው ጉርድ ፎቶግራፍ ሳይሆን ልብ ነውና። ነገር ግን አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ተክሊሉ አንድ ጊዜ ከተደፋ በኋላ ቤተ ክርስቲያን «ዘመኑ አልፏል፣ መጥተህ አሳድስ» አትልም። ሊቃውንቱ ጋብቻን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርገው የቆጠሩት በሚታየው አገልግሎት የማይታይ ጸጋ ስለሚሰጥበት ነው፤ መንግሥት ደግሞ የማይታየውን ማየት ስለማይቻለው በሚታየው ብቻ ይፈርዳል። ይህ የመንግሥት ኃጢአት አይደለም፤ ወሰኑ ነው። ወሰኑን የሚያልፈው የማይታየውን እንዳየ ሆኖ በየጊዜው እየደጋገመ መጠየቅ ሲጀምር ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ የሄደችበት መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፣ ኢትዮጵያዊን በሕግ ያገባች የውጭ አገር ሴት በጋብቻዋ ኢትዮጵያዊት እንድትሆን ደነገገ፤ ሕጉ ከወጣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ በአራዳው ጊዮርጊስ ዘውድ ጫኑ። ሩትን ያለ ማመልከቻ የሚቀበል ሕግ ነበር ማለት ነው። ግን ያው ሕግ ኢትዮጵያዊቱ ባዕድ ስታገባ፣ ጋብቻው የባሏን ዜግነት የሚያስገኝላት ከሆነ፣ የራስዋን እንድታጣ ያዝዛል፤ ከውጭ የመጣ ባል ደግሞ በሚስቱ በኩል የሚያገኘው ነገር አልነበረውም። እንግዲህ በር የተከፈተው ለመጻተኛይቱ ብቻ ነበር፤ የአገር ልጅ የሆነችው በዚያው በር ልትወጣ ትችል ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ33ኛው አንቀጹ ወንድም ሆነ ሴት ከውጭ ዜጋ ጋር በመጋባቱ ኢትዮጵያዊነቱ እንደማይቀርበት በመደንገግ ይህን አድልዎ ሽሮታል፤ የ1996ቱም የዜግነት ዐዋጅ ለሁለቱም ጾታ አንድ ሕግ አድርጎ፣ ከጋብቻው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሲያልፍና መጻተኛው ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ሲኖር ዜግነት ሊጠይቅ እንዲችል አድርጓል፤ የቀድሞ ዜግነቱን ግን መተው አለበት። ከሩት ቃል ጋር የሚቀራረበው ይህ የመጨረሻው ግዴታ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝም እርሱ ነው።

ለአራዳ ፒያሳ የሚለውን ስም የተዉልን ኢጣሊያውያን ወራሪዎች በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ያወጡት ሕግ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ኢጣሊያዊ ዜጋ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ያዝዝ ነበር፤ የሚቀጣውም ጊዜያዊውን ዝሙት ሳይሆን ቤት ሠርቶ፣ ተሳስቦ መኖርን ነው። የጽኑ ፍቅር ማስረጃ የወንጀል ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። ካስታኛ የነደፈው ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሰፈር የካስታኛ ዓይነት ኑሮ በወገኖቹ ሕግ የሚያሳስር ሆነ፤ እንዲያም ሆኖ ከነፃነት በኋላ ብዙ ኢጣሊያውያን ከኢትዮጵያውያት ሚስቶቻቸው ጋር እዚሁ ቀርተው ጋራዥና ዳቦ ቤት ከፍተው ኖሩ።

በሌላው ላይ ስንፈርድ ግን የራሳችንን አንርሳ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ፣ በዚህችው ከተማ በተክሊል የተጋቡ፣ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች አንዳቸው ከሰፈራቸው አንዲት እርምጃ ሳይንቀሳቀሱ መጻተኛ ተብለው፣ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩት ተባራሪዎች ጋር በአውቶቡስ ተጭነው ተወሰዱ፤ ከተረፉት ብዙዎቹ በተወለዱበት አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያዢ ሆኑ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከጦርነቱ በኋላ ወደ አስመራ የመጀመሪያው በረራ በተነሣ ጊዜ ያለቀሱት ባሎችና ሚስቶች ጋብቻቸውን የሚያፈርስ ፍርድ ከማንም ዳኛ አልተሰጠባቸውም ነበር። ቁርባኑ እንደ ጸና፣ ማኅተሙም እንደ ነበረ ሆኖ፣ ፈቃዱ ብቻ ተነሣ። 

«የወረቀት ጋብቻስ?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ወገኖቻችን በውጭ አገር በዚህ ጥርጣሬ ምክንያት ምን ምን እንደሚጠየቁ፣ ማን በየትኛው የአልጋ ጎን እንደሚተኛ ሳይቀር፣ የሰማ ሰው መርማሪው የሚፈልገውን ነገር በዚያ መንገድ እንደማያገኝ ይረዳል። አሜሪካ ጋብቻው ሁለት ዓመት ላልሞላው መጻተኛ በቅድመ ሁኔታ የተያዘ የሁለት ዓመት ፈቃድ ስትሰጥ፣ ጊዜ የሚፈትነውን ነገር ለጊዜ መተውዋ ነው፤ ይህ ከአልጋው ጥያቄ ይልቅ አስተዋይነት አለው። ሐሰተኛውን መፈለግ የመንግሥት መብት መሆኑን አልክድም። ከዚህ የሚብሰው አደጋ ግን በእውነተኛው ጋብቻ ውስጥ ያለ ነው፤ አንደኛው የሌላውን የመኖር መብት በፊርማው ይዞ ሲኖር፣ በማእድ ላይ የተነሣ ትንሽ ጠብ ሁሉ «ማመልከቻውን አልጽፍልህም» ወደሚል ዛቻ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ ቤት በኪዳን የተሠራ ቤት አይባልም፤ ከሁለቱ አንዱ ዋስ፣ ሌላው በዋስ ነዋሪ የሆነበት ነው። ሩት በቤተ ልሔም ከኖረች በኋላ ቦዔዝ በየመከሩ ወደ በሩ እየወጣ እንዲመሰክርላት ሽማግሌዎቹ አልጠየቁትም።

ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃዱን ሕግ ለማሻሻል ሥልጣን ያላችሁ ሰዎች፣ ጋብቻውን በመጀመሪያው ቀን የፈለጋችሁትን ያህል በጥብቅ መርምሩ፤ ከመረመራችሁና ካመናችሁ በኋላ ግን ፈቃዱን ለመጻተኛው በራሱ ስም፣ በራሱ ማመልከቻ፣ በራሱ ቃል ስጡት፤ በትዳር ጓደኛው ሞትም ሆነ ቁጣ የማይነጠቅ አድርጉት። እናንተም በተክሊል ወይም በሽማግሌ የተጋባችሁ ሁሉ፣ ቃላችን ይበቃል ብላችሁ ሳትዘገዩ ጋብቻችሁን በክብር መዝገብ አስመዝግቡ፤ ማመልከቻውም ሲጻፍ መጻተኛው አጠገባችሁ ቆሞ ይስማው፣ አንብባችሁም ተርጉሙለት።